የጋሽ በርናባስ ሽምግልና

ጋሽ በርናባስ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ማስታረቅ ነው። የሚያስታርቁት ባይኖርም ዝግጁ ናቸው።

ቀበና ውስጥ፣ ከአንድ ኬክ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈር ሰዎች እየተሰበሰቡ ይወያያሉ። ሰብሳቢው እሳቸው ናቸው። ማንም አልመረጣቸውም፤ ማንም ግን ተነሱ አላላቸውም። ይህን እንደ ሙሉ ድምፅ ቆጥረውታል።

በሥራ ዘመናቸው ስለ ግጭት አፈታት ሥልጠና ወስደው ስለነበር የውይይቱን ደንብ ያወጡት እሳቸው ናቸው። ተናጋሪ አይቋረጥም። ድምፅ ከፍ አይልም። የሰው ሐሳብ ከመቃወም በፊት ሐሳቡ ይመሰገናል። ደንቡ ከወጣ ወዲህ ውይይቱ እጅግ ሰላማዊ ሆነ። አንዳንዶቹን እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ድረስ።

ደንቡ ያልገባቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በዳዳ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ወላጆቹ እንጦጦ ግርጌ ያርሱ ነበር። ሙአዊያ ጉርድ ሾላ አካባቢ የባህር ዛፍ አጠና ይሸጣል። ሁለቱ በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም።

«ባህር ዛፉ ተነቅሎ ማለቅ አለበት» አለ በዳዳ አንድ ቅዳሜ። «አባቴ ከብት ያጠጣበት የነበረው ምንጭ ዛሬ ደረቅ ድንጋይ ነው። ውኃውን የጠጣው ያንተ ዛፍ ነው።»

«እናቴ ከዚያ ጫካ እንጨት ተሸክማ እየወረደች ነው ያሳደገችን» አለ ሙአዊያ። «ያኔ ዛፉ ባይኖር ምን እንበላ ነበር? ያንተን ምንጭ?»

«ሙአዊያ፣ መጀመሪያ ሐሳቡን አመስግን» አሉ ጋሽ በርናባስ።

«ምኑን ነው የማመሰግነው?»

በዳዳ ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። ሙአዊያ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። ተኝተው የነበሩት ሁሉ ነቁ።

ጋሽ በርናባስም ተነሱ። «በቃ። ሁለታችሁ እስክትታረቁ ድረስ ውይይት የለም» አሉ። ሰው ሁሉ በረጅሙ ተነፈሰ። የሰዉ ሐዘን የጋሽ በርናባስን ልብ ነካው።

በሳምንቱ ሽምግልናቸውን ጀመሩ። ጉርድ ሾላ ሲደርሱ ሙአዊያ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማው ላይ የደረቀ ቀይ ጭቃ ይፍቃል።

«ልጄ፣ ከበዳዳ ጋር ብትታረቁ ምን ይመስልሃል?»

«ከእሱ ጋር? ሰውዬው ጭራሽ ብሶበታል፣ ጋሼ። አሁን ደግሞ ጥዱም ይቆረጥ ሊል ምንም አልቀረው።»

«ቅዳሜ ላገናኛችሁ?»

«ቅዳሜ አይመቸኝም።»

በዳዳም የዋዛ አልሆነም። ቢሮው በር ላይ ጠብቀው ሲያነጋግሩት «ይቅርታ የምጠይቀው ተሳስቼ ከሆነ ነው፤ እኔ ደግሞ አልተሳሳትኩም» አላቸው። ቅዳሜን ቢጠይቁት ለቅሶ አለብኝ አለ። በሚቀጥለው ሳምንትም ለቅሶ ነበረበት። ከዚያ በኋላም። የበዳዳ ዘመዶች ቅዳሜን እየጠበቁ ይሞቱ ጀመር።

ሌሎቹም እንዲሁ ተበታተኑ። አንዱ ቤት ያድሳል፣ ሌላው ልጅ ያስጠናል። ፋርማሲ ውስጥ ለምትሠራው ለሰልማ አንድ ቅዳሜ ደወሉላት። ስልኩ ውስጥ ነፋስ ያፏጫል።

«ሰልማ፣ የእነዚህ ሰዎች ነገር እንዴት ሆነ?»

«እንደተጣሉ ናቸው፣ ጋሼ። በጣም ነው የተጣሉት።»

«ከኋላሽ የሚጮኸው ማነው?»

«ሬዲዮ ነው» አለችና ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ጋሽ በርናባስ ግን ተስፋ አልቆረጡም። ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር ክፍሏን ያስከፍታሉ፣ ወንበሮቹን በክብ ይደረድራሉ፣ ሻይ አዝዘው ይጠብቃሉ። ቤታቸው ቢሄዱ የሚቃወማቸው ሰው እንኳ የለም። የሁለት ሰው ግትርነት ስንቱን ወዳጅነት እንደሚያፈርስ እያሰቡ ሻዩ ይቀዘቅዝባቸዋል። አንድ ቀን ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ አስተናጋጇ እንዳታይባቸው መነጽራቸውን ጠረጉ።

ያን ዕለት ነው የኬክ ቤቱ ባለቤት የነገረቻቸው።

«በዳዳንና ሙአዊያን አሁን ወደ እንጦጦ ሲወጡ አየኋቸው። መንገዱን ሙሉ እየተጨቃጨቁ ነበር። አንደኛው ዱላ ይዟል።»

ጋሽ በርናባስ ሻያቸውን ትተው ወጡ። ታክሲው ካወረዳቸው በኋላ ዳገቱን በእግራቸው ተያያዙት። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ የደረቀው የባህር ዛፍ ቅጠል ያንሸራትታቸዋል። አንዱ አንዱን ገድሎ ቢያገኙ ለቤተሰቡ ምን እንደሚሉ አሰቡ። በሕይወት ቢደርሱባቸውም የሚሉትን አዘጋጁ፤ ይኸኛው ረዘም ያለ ነበር።

ከዛፎቹ ውስጥ የበዳዳ ድምፅ ተሰማ።

«ዛሬ አንተን ሳላሸንፍ ከዚህ አልወርድም!»

«እንግዲያው እዚሁ ታድራለህ» አለ ሙአዊያ።

ጋሽ በርናባስ ሮጡ። ከስንት ዓመት በኋላ እንደሮጡ እሳቸውም አያውቁትም። «ልጆቼ፣ ስለ ፈጣሪ» እያሉ ቅርንጫፉን በእጃቸው ገፍተው ሜዳው ላይ ብቅ አሉ።

ቤት የሚያድሰውም፣ ልጅ የሚያስጠናውም ሣሩ ላይ በክብ ተቀምጠዋል። ሰልማ ዳቦ ትቆርሳለች። ዱላው የሙአዊያ ነው፤ መሬት ላይ ተጥሏል። መሃል ላይ በዳዳና ሙአዊያ ፊት ለፊት ተፋጠዋል። ብርዱ ከበድ ያለ ስለነበር የበዳዳ ጃኬት ሙአዊያ ትከሻ ላይ ነው።

ሁሉም ዞረው አዩዋቸው። ሰልማ ዳቦውን እንደያዘች ቀረች።

ሙአዊያ ወደ በዳዳ ጆሮ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እዚህ መሆናችንን ለጋሼ የነገርካቸው አንተ ነህ?»