«ሁንዴ፣ ክፈት!»

ሁንዴሳ የአሶሳን መጸዳጃ ቤቶች ፍሳሽ የሚመጥ ቦቴ ሾፌር ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬ ሲደርስ ከመኪናው ኋላ ቫልቩን ይዞ ይቆማል፤ ረዳቱ ጣሀ ወፍራሙን ቱቦ ኩሬው ዳር ያስርና «ሁንዴ፣ ክፈት!» ብሎ ይጮኽለት ነበር። ባለፈው ክረምት ጣሀን አዳለጠውና ኩሬው በላው። አስከሬኑን በገመድ ጎትቶ ያወጣው ሁንዴሳ ራሱ ነው።

ዛሬ ረፋዱ ላይ አዲሱ ረዳት ጁምዓ ቱቦውን ይዞ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ «ሁንዴ፣ ክፈት!» የሚል ድምፅ መጣ፤ ሁንዴሳም እጁ ለምዶበት ከፈተው። ፍሳሹ መንደቅደቅ ሲጀምር ነው ጁምዓ «ጋሼ» እንጂ «ሁንዴ» ብሎት እንደማያውቅ ትዝ ያለው።

ወዲያው ጩኸት ተሰማ። ቫልቩን ዘግቶ እየሮጠ ሲደርስ፣ ያልታሰረው ቱቦ ገፍትሮት ጁምዓ እስከ ብብቱ ኩሬው ውስጥ ገብቷል። ሁንዴሳ በሆዱ ተኝቶ ሁለት እጆቹን ያዘ።

«ገና ሳታስር ምን ክፈት ያስብልሃል?» አለው እያለከለከ።

«እኔ አልጠራሁም፣ ጋሼ!» አለ ጁምዓ። «ታች ያለው ሰውዬ ነው። እሱንም አብረህ ሳብ፤ እግሬን አልለቅም ብሏል።»