ሁለተኛ ትራምፔት

እኔ ትራምፔት ስነፋ የቲያትር ቤቱ ጣሪያ ይነሳል። በተለይ የመዝጊያው ዜማ ላይ ያለችውን ረጅም ድምፅ ስይዛት ዓይኔ ጭልም ይላል፣ ጆሮዬ ይደነቁራል፣ ድምፁ ግን አይቋረጥም። በሃያ ስድስት ዓመት አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም። ሐኪሞች ሳንባዬን ሊያጠኑት ለምነውኛል፤ እምቢ አልኩ እንጂ።

መርዕድ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ሁሉ ዘመን ከጎኔ ተቀምጦ ሁለተኛ ትራምፔት ነፋ። «አንተን እኮ ሚስትህም አትሰማህም!» እያልኩ ስቀልድበት ይስቅ ነበር። ባለፈው ወር ቀበርነው። የዛሬው ኮንሰርት መታሰቢያው ነው፤ የመዝጊያውን ዜማ ብቻዬን እንደምነፋ በሬዲዮ ሳይቀር ተናግሬያለሁ።

ፒያኖ የምትጫወትልን የመርዕድ ልጅ ትርሲት የአባቷን የኖታ ወረቀቶች በሙሉ ፎቶ አንስታ፣ የሱቅ በር በሚያክል ታብሌት ላይ በየዜማቸው አደራጅታቸዋለች። ከመድረኩ ጀርባ ቆመን ስናገላብጥ የመዝጊያው ዜማ ላይ ደረስን።

«ይህን አጥፊው፣ የኔ ልጅ። እዚህ ላይ ሁለተኛ ትራምፔት ለወጉ ነው የነበረው።»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ አጉልተው ይዩት» አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን ሳታይ።

በሁለት ጣቴ ገፋ አድርጌ አጎላሁት። ከረጅሟ ድምፅ በላይ፣ ወረቀቱ ላይ አስተውዬው የማላውቀው የመርዕድ የእርሳስ ጽሑፍ ወጣ።

«እዚህ ጋ ትንፋሹ ያልቃል። ቀስ ብለህ ግባለት። ማንም እንዳያውቅ፤ እሱም።»

መጋረጃው ሊከፈት አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። መድረኩ ላይ፣ ከወንበሬ ጎን ባለው የመርዕድ ወንበር ላይ አበባ አስቀምጠውበታል።