በሰንበት የሚሠራው ጠርሙስ

አዛውንቱ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ጥላቸውን ጠርሙሱ ላይ ጣሉ። ሰንበት ስለሆነ አይነኩትም፤ ሸማቸውንም አይጥሉበትም። ጥላ ግን ሥራ አይደለም። ልጃቸው ለዩኒቨርሲቲ ሙከራዋ ብላ በእስራኤሏ አሽዶድ ካለው ፎቃቸው ጣሪያ ላይ፣ በአምናው ጦርነት የጋዝ ጭምብል ሳጥን ላይ አቁማው ነበር። ምን እንደሆነ የነገረቻቸው ሰንበት ከገባ በኋላ ነው፦ «ሰው ተንፍሶ የሚያወጣውን አየርና ውኃን ፀሐይዋ ነዳጅ ታደርጋቸዋለች፣ አባየ።» ነዳጅ ደግሞ እሳት ነው። በሰንበት እሳት! ፍርዱ የሚወርደው በልጃቸው ራስ ላይ ነው።

ቀትር ሲቃረብ ጥላቸው አጥሮ እግራቸው ሥር ተሰበሰበ፤ ጠርሙሱንም ፀሐይ አገኘችውና ቦግ አለ።

«አባየ፣ ፀሐይዋ ትጥልዎታለች፣ ይውረዱ!» አለች ልጃቸው ከደረጃው በር።

«እዚያው ሁኚ! አንቺኑ ነው የምጋርድ።»

ጎንበስ ብለው በደረታቸው ከለሉት። የገዛ ትንፋሻቸው ከጠርሙሱ ነጥሮ ፊታቸውን አሞቀው። ያን ጊዜ ነው የደነገጡት፤ ለካ ሲመግቡት ኖረዋል። አፍና አፍንጫቸውን በሁለት እጃቸው አፍነው ያዙ። በጠርሙሱ አንገት አንዲት የነዳጅ ጠብታ ተንጠልጥላ ታበራለች። ጆሯቸው ጮኸ፤ ያፈኑት ትንፋሽ ሁሉ በአንድ ጊዜ አፈተለከ።

ጠብታዋ ወደቀች።