ዘይት የጠጣው ቱርቦ

ቤንዚን አልቆ መኪና ሁሉ የምግብ ዘይት መጠጣት ከጀመረ አሥር ዓመቱ ነው። ገና ወደ ዘይት ያልተቀየረውን የእኔን ባለቱርቦ የስፖርት መኪና ያየው መርማሪ ኢንጂነር፣ «የስምንተኛ ክፍል ሰው ይህን ወደ ዘይት አይቀይርም፤ ቅዳሜ ፊቴ ካልተነሳ ለቁራሌው ነው» አለኝ። ንቀቱን አልረሳሁም።

ፓምፑን፣ ኢንጀክተሮቹንና ኮምፒውተሩን ለዘይት እንዲስማሙ በገዛ እጄ ቀየርኩ። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ታንኩ ባዶ ነበር። ባለቤቴ ትርንጎ የወሩን የዘይት ራሽናችንን ይዛ ወጣች።

«ወጡስ?» አልኳት።

«ወሬህን ተውና ክዳኑን ክፈት!»

መኪናው አገሳ። ጎረቤታችን ጭሱ ሲሸተው ሽንኩርት የተቁላላ መስሎት ወጣ፤ ሊያይ የመጣው ኢንጂነርም አቀርቅሮ የፈቃድ ወረቀቱን ፈረመ።

ምሳ ላይ ሽሮው በውሃ ብቻ ተሠርቶ ቀረበ። ትርንጎ ጃኬቴን አሸተተችና፣ «ጠጋ በል፤ አንተን እያሸተትን እንበላለን» አለችኝ። ተመስገን ብዬ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእሷ ሰጠሁ።