ሦስተኛው ፓምፕ

በጦርነቱ ቡሪ ሰፈር መብራት ከጠፋ ወዲህ ሁስና ቤት የተጠለሉት ሴቶች የወንዝ ውሃ እየጠጡ ሁለቱ በኮሌራ ወድቀዋል። ስለዚህ የጉድጓዱን ፓምፕና ውሃውን ወደ ጣሪያው ታንከር የሚገፋውን ፓምፕ አንድ ላይ የሚችል ጄኔሬተር ምረጥልኝ ብላ ጠራችኝ።

ሻጩ ሙሄዲን ሁለት አምጥቶ ነበር። ትንሹ ገና በመጀመሪያው ፓምፕ ታፍኖ ጠፋ። ትልቁን ቢስሚላህ ብዬ አስነሳሁና የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ።

«ያላ ጃፋር! ልትገዛት ነው ወይስ ልታገባት?» ብሎ ሙሄዲን ሳቀ።

አንዱን ፓምፕ ስሰካ ሞተሩ አቃሰተ፤ ግን ቻለ። ሁለተኛውንም ቻለ። ጥቂት ቆይቶ፣ ማንም ምንም ሳይሰካ፣ እንደገና አቃሰተ።

«ሌላ የሰካሽው አለ እንዴ?» አልኩ ወደ ሁስና ዞሬ።

«ወላሂ የለም፣ ጋሼ።»

ሁለቱንም ነቀልኩ። ሸክም የሌለው ሞተር ድምፁ ይቀላል፤ ይሄኛው ግን እንደተጫነ ነው። ሙሄዲን መሳቁን ተወ።

ያኔ ከግንቡ ማዶ፣ ሰው ከማይኖርበት ከሐጂ ኢክሪማ ቤት፣ ፓምፕ ሲዞር ሰማን። የዚያን ቤት የመብራት ገመድ ሌቦች ከግድግዳው ሳይቀር መዝዘው ወስደውታል። ሐጂንም፣ በተኩሱ መሀል መቃብር ማድረስ ስላልቻልን፣ እዚያው ግቢያቸው ውስጥ የቀበርናቸው እኛው ነን።

«ጋሼ፣ በአላህ አጥፋው» አለች ሁስና ክንዴን ይዛ።

አጠፋሁት።

የቀትሩ ሶላት፣ የዙሁር አዛን ከሩቅ ተሰማ። ከግንቡ ማዶ ቧንቧ ተከፈተ፤ አንድ ሰው ለውዱእ ተጉመጥምጦ ውሃውን ተፋ።