ውሃው እስኪያልቅ

ልጇ ከማታር በባሮ ወንዝ በጀልባ የምትመጣው ዛሬ ነበር። እናትየው ለእንግዶቿ የግሪኮችን የዝኩኒ ጥብስ ልትሠራ፣ ልጇ ጽፋ የላከችላትን ወረቀት በጣቷ እየተከተለች አነበበች፦ «ዝኩኒውን ፈቅፍቂው። ጨው ነስንሰሽ፣ ውሃው እስኪያልቅ በጨርቅ ጭመቂው።»

ጨመቀች። ሳህኑ ሞላ፤ ሁለተኛው ሳህንም ሞላ።

«እትዬ፣ ፊደል ቆጠርሽና ግሪክ ሆንሽብን!» ብላ ሳቀች ቀድማ የደረሰችው የመሠረተ ትምህርት ጓደኛዋ። «በቃ፣ ዱቄቱን ጨምሪበት።»

«ውሃው አላለቀም እኮ።»

አረንጓዴው ውሃ እንደ ባሮ ደፈረሰ፤ ጭቃ ጭቃ ሸተተ። ጓደኛዋ ሳቋን አቆመች። እናትየው ጨርቁን ደግማ ስትጠመዝዘው፣ ልጇን ስትሸኝ በገዛ እጇ ጆሮዋ ላይ ያደረገችላት ትንሽ የብር ጉትቻ ከእጥፋቱ ተንሸራታ ሳህኑ ውስጥ ወደቀች።

«ገና ነው» አለች እናትየው። መጭመቋን አላቆመችም።