ፌቨን ነኝ ያለው ሰው

ከምነግራችሁ አንዲት ቃል ብዋሽ ጥርሴ አንድ ሳይቀር ይርገፍ!

በልጄ ትምህርት ቤት፣ ሕፃናትን ከኢንተርኔት አደጋ ስለሚጠብቀው ረቂቅ ሕግ ወላጆች ተሰብስበን ስንመክር ማይኩን ተቀበልኩ።

«አንድ ወስላታ ‹ፌቨን እባላለሁ፣ እኩያሽ ነኝ› እያለ የአሥራ አራት ዓመት ልጄን ሦስት ወር ሙሉ ምስጢሯን ሲያውጣጣት ከረመ» አልኩ። «የሰባት አገር የኮምፒውተር ሊቅ ያቃተውን እኔ በዚችው ስልኬ አሳድጄ ደረስኩበት! ስሜን ቢሰማ ጊዜ ከአገር ጠፋ። እና ሕጉ ላይ ‹ሌላ ሰው መስሎ ሕፃን ያታለለ› የሚል አንቀጽ ይግባልኝ። ቅጣቱም ይክበድ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት፣ «አባት ማለት እንዲህ ነው እንጂ!» ብለው እልል አሉ።

አጠገቤ የነበረችው ልጄ ግን አላጨበጨበችም። ማይኩን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደች።

«አባዬ፣ ፌቨን የትም አልጠፋችም» አለች፤ ድምፅዋ በግድ ይሰማል። «ለማንም የማልናገረውን ሁሉ የነገርኳት ለእሷ ብቻ ነበር። ትናንት ከፌቨን የደረሰኝን መልእክት ላንብብላችሁ፦ ‹ልጄ፣ መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ፤ ለእናትሽ ንገሪያት።›»